ከአጥሩ ሥር የነበሩት ጠርሙሶች፦ የወይዘሮ ሙሉሸዋ ወልደሰንበት የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሙሉሸዋ ወልደሰንበት ከአባታቸው ከአቶ ወልደሰንበት ጉርሙ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይርጋለም ኃይሌ፣ በሸዋ፣ በሆለታ ከተማ ሐምሌ 5 ቀን 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከሰባት ልጆች አራተኛ ነበሩ። አባታቸው በከተማው ዳር በነበረ ችግኝ ጣቢያ ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰው ሲሆኑ፣ ሙሉሸዋን ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ እያስከተሉ ወደ ሥራ ይወስዷቸው ነበር። ቅርንጫፍ ቆርጦ ማጽደቅን ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት የተማሩት እዚያ ነው። አባታቸው የሚቆጧቸው በአንድ ነገር ብቻ ነበር ይሉ ነበር፤ የተተከለውን ቁራጭ ሥር አውጥቶ እንደሆን ለማየት ሲነቀንቁት ከተያዙ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው በሆለታ፣ ሁለተኛ ደረጃን ደግሞ አዲስ አበባ አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው በማታው ክፍለ ጊዜ ተምረው አጠናቀቁ። ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት አሥራ ስድስት ዓመት አገልግለዋል። ጌታን ያወቁት በወጣትነታቸው ሲሆን፣ ጸሎት ቤቶች በተዘጉባቸው ዓመታት በየቤቱ ተደብቀው ከሚሰበሰቡት አንዷ ነበሩ። ሰላይ የበዛበት ሰፈር ሲሆን አንድ ጣሳ ጄራንየም አበባ በክንዳቸው ታቅፈው ይሄዱ ነበር። ለሚያያቸው ሰው አበባ ሊሸጡ የሚዞሩ ይመስሉ ነበርና ማንም አይጠይቃቸውም። ጥቂት ጊዜም ሰው አስቁሟቸው በእርግጥ ሸጠዋል።

በ1972 ዓ.ም. የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበሩትን አቶ ታደገ በዳሶን አገቡ። በ1975 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸው ቅዱስ፣ በ1979 ዓ.ም. ሴት ልጃቸው ማክዳ ተወለዱ። ይህን የጻፈችውና አሁን ቆማ የምታነብላችሁ ማክዳ ነች። የሕይወት ታሪክ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ይጻፋል ስለተባለች ስለ ራሷም እንዲሁ ጽፋለች። መጋቢ ተስፋዬ አንድ ገጽ እንደሚበቃ ነግረዋት ነበር። ለሌላው ነገር ሁሉ አንድ ገጽ ይበቃል። ለሚቀጥለው ግን አልበቃትም፤ ይቅርታ ትጠይቃለች።

ቤተሰቡ በ1982 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ ወጥቶ ከሦስት ዓመት ጥበቃ በኋላ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1993 ካናዳ፣ ካልጋሪ ገባ። ወይዘሮ ሙሉሸዋ በዚያው ዓመት በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጥረው ለሃያ አንድ ዓመት አንሶላ ሲያጥቡ፣ ሲተኩሱ፣ ሲያጣጥፉ ኖረዋል። አቶ ታደገ ታክሲ ነዱ። እ.ኤ.አ. በ1999 ጸደይ ላይ ዶቨር በሚባለው ሰፈር ትንሽ አሮጌ ቤት ገዙ። ቤቱ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ሲጢጥ የሚል በርና ከጀርባው ሰፊ ግቢ ነበረው። ወይዘሮ ሙሉሸዋ ቤቱን የወደዱት በግቢው ምክንያት ነው። ጣሪያውን ያሠሩት በስድስተኛው ዓመት ነው።

የዚያ ዓመት መስከረም ላይ አቶ ታደገ ከሥራ ሲመለሱ አንድ የደረቀ እንጨት በታክሲው ወንበር ላይ አምጥተው አስቀመጡ። አንድ ሱቅ ሊጥላት ከበር ውጪ ያወጣት ጽጌረዳ ነበረች። ስሟ የተጻፈበት ወረቀት ወድቆ ጠፍቷል። ወይዘሮ ሙሉሸዋ ከፊት ደረጃው ጎን ተከሏት። በሁለተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ አበበች፤ ጠርዟ ፈዘዝ ያለ፣ መሐሏ ጠቆር ያለ ሮዝ። ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ክረምት ስታሳልፍ አንድ ዓመት እንኳ ሳታብብ አልቀረችም። ምን ዓይነት እንደሆነች ግን ማንም ሊነግራቸው አልቻለም። ፎቶዋን ይዘው በከተማው ያሉ የአትክልት ሱቆችን ሁሉ ዞረዋል። ስለዚህ ዳግመኛ ተገዝታ የማትገኝ ነበረች።

የካልጋሪን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል። በጥር ወር ሞቃቱ ነፋስ መጥቶ በረዶውን ሲያቀልጠው የአበባው ሥር ይራቆታል፤ በማግስቱ ብርዱ ሲመለስ ይገድለዋል። ወይዘሮ ሙሉሸዋ በእንዲህ ያለ ቀን በባልዲ ከመንገድ ላይ በረዶ እየሰበሰቡ ወደ ግቢያቸው ሲያስገቡ ይታዩ ነበር። ሰው ሁሉ በረዶ ከግቢው ሲያወጣ እሳቸው ያስገቡ ነበርና የጎረቤት መሣቂያ ሆነው ነበር። ያልሳቁባቸው የአጥር ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዘቢደር ሳልህ ብቻ ናቸው። ወይዘሮ ዘቢደር የወሎ ሰው ናቸው፤ በአረጋውያን መንከባከቢያ ይሠራሉ። በመጀመሪያው ዓመት ምክንያቱን ጠየቁ፤ በሁለተኛው ዓመት የራሳቸውን ባልዲ ይዘው መጡ። በበጋ የበረዶ ጠጠር ሲዘንብ ሁለቱ ከሆስፒታሉ የተጣሉ አሮጌ አንሶላዎችን በአጥሩ ላይ እየተቀባበሉ አበባቸውን ያለብሱ ነበር።

በሐምሌ የዶቨሩን ቤት ያላየ ከእናንተ መካከል ጥቂት ነው። ከአገልግሎት በኋላ እየመጣችሁ ፎቶ ተነሥታችኋል፤ የሠርግ ፎቶ የተነሣም አለ። እናታችንም ማንንም ባዶ እጁን አልሸኙም። ቅርንጫፉን በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው፣ እንዴት እንደሚተከል አስረድተው፣ በመጨረሻም በስልክ ደውለው ይጠይቁ ነበር። ከታደገ ጽጌረዳም ሰጥተዋል። አርባ ሦስት ሰው ወስዷል፤ ማክዳ ቁጥሩን የምታውቅበት ምክንያት ኋላ ይነበባል።

አቶ ታደገ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2011 በድንገተኛ የልብ ሕመም አረፉ። ወይዘሮ ሙሉሸዋ ከሦስት ዓመት በኋላ ጡረታ ወጥተው ብቻቸውን በዚያ ቤት ቆዩ። ባለቤታቸውን ሲያነሱ አልቅሰው አያውቁም። ጽጌረዳዋን ግን ታደገ ብለው ይጠሯት ጀመር፤ "ታደገ ዛሬ ሦስት አውጥቷል" ብለው ለቅዱስ ሲደውሉለት በመጀመሪያ ደንግጦ እንደነበር ቅዱስ ይናገራል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ጉልበታቸው ደከመ። ቅዱስ፣ "እማዬ፣ ደረጃው ላይ ስትራግል እያደረግሽ ነው። ቤቱን ሴል እናድርገውና እኛ ጋ ሙቭ አድርጊ" አላቸው። እሱና ባለቤቱ ናሆሚ ስካይቪው ራንች በሚባል ሰፈር አዲስ ቤት ገዝተው ነበር። ወይዘሮ ሙሉሸዋ ሁለት ሳምንት ጸለዩበት። ከዚያ፣ "ቤቱን ሽጡት፤ ታደገን ግን ይዤ ነው የምወጣው" ብለው መለሱ።

ነቅሎ መውሰድ አይቻልም ነበር። የጽጌረዳዋ ሥር ከሲሚንቶው ደረጃ ሥር ገብቷል። ቤቱን ሊገዛ የተዘጋጀው ሰው ደግሞ አፍርሶ አራት ቤት የሚሠራ ነው። ስለዚህ በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት፣ የመጀመሪያዎቹ አበቦች ሲረግፉ፣ ከእነዚያው ቅርንጫፎች አርባ ቁራጭ ቆረጡ። ሥር ቶሎ እንዲያወጡ ከወንዙ ዳር የአኻያ ቅርንጫፍ አስመጥተው በዘፈዘፉበት ውኃ አቆዩአቸው። በጀርባው ግቢ፣ ከአጥሩ ሥር ጥላው ባለበት፣ አሸዋ ቀላቅለው በአራት ረድፍ ተከሏቸውና በእያንዳንዱ ላይ ግማሹ የተቆረጠ የውኃ ጠርሙስ ደፉበት። ጠርሙሶቹ ከዚሁ ቤተ ክርስቲያን ኮንፈረንስ የተለቀሙ ነበሩ። ሃምሳ ቀን ሳይነኩ ከቆዩ ገዢው ቤቱን ከመረከቡ በፊት ሥር ይዘው ለመዛወር ይደርሳሉ።

ሐምሌ 19 ቀን ለጉልበታቸው ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገቡ። ከመኪናው ሳይወርዱ ማክዳን፣ "ከአጥሩ ሥር ያሉትን እንዳትነኪ። ዘቢደር ታጠጣልኛለች። ሌላውን እንደፈለግሽ" አሏት። ማክዳም፣ "እሺ እማዬ፣ ዶንት ወሪ" አለች።

ቤቱን የሚያሻሽጠው ሰው ለዓርብ የፎቶ ቀጠሮ ይዞ ነበር። ገዢው ቢዘገይ ለሌላ ለማሳየት ነው አለ፤ ግቢው ኦቨርግሮውን ስለሆነ ይጽዳ አለ። ማክዳ ከቤተ ክርስቲያን ስድስት ወጣቶች ጠራች። እናቷን ሰርፕራይዝ ልታደርግ ፈለገች። ረቡዕ ከሰዓት መጡ፤ ሣር አጨዱ፣ አረም ነቀሉ፣ ደረጃውን የሸፈነችውን ጽጌረዳ እስከ መሬት ቆረጡ። ልጆቹ ምንም አያውቁም፤ እዚህም ተቀምጠዋልና ማንም በክፉ እንዳያያቸው። ያዘዘቻቸው ማክዳ ነች። ከአጥሩ ሥር ሲደርሱ አንደኛዋ ልጅ፣ "ይሄስ? ጋርቤጅ ነው?" ብላ ጠየቀች።

ማክዳ ጋርቤጅ አለመሆኑን ታውቅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ ሰው፣ "አላወቅሽም፤ ቆሻሻ መስሎሽ ነው" ሲላት ዝም ብላለች። ዛሬ ግን እናቷ ሣጥን ፊት ቆማ እንዲህ ታነባለች፦ ታውቅ ነበር። አርባ የተቆረጠ ጠርሙስ ለፎቶ አያምርም ብላ አሰበች። እማዬ ሌላ ትቆርጣለች፣ ሥራ ፈት ናት፣ ደስታዋም ነው ብላ አሰበች። ወይዘሮ ዘቢደር ለሥራ ሊወጡ ሲሉ አይተው በአጥሩ ላይ፣ "የኔ ልጅ፣ እሱን ተይው! እናትሽ አደራ ብላኛለች" ብለው ተጣሩ። ማክዳ፣ "እትዬ ዘቢደር፣ አይጨነቁ፤ ሰርፕራይዝ ነው፤ ለእሷ እኔ እነግራታለሁ" አለቻቸው። ወይዘሮ ዘቢደር የሥራ ሺፍታቸው ደርሶባቸው ሄዱ። ማክዳ ጠርሙሶቹን በገዛ እጇ እያነሳች ወደ ሪሳይክል ጣለች፤ ቁራጮቹን ነቅላ ከተቆረጠው ጽጌረዳ ጋር አረንጓዴው የቆሻሻ ቢን ውስጥ ከተተች። በማግስቱ ጠዋት የቆሻሻ መኪናው መጥቶ ወሰደው።

ከልጆቹ አንዱ ቪዲዮ ቀርጾ ነበር፤ በፊትና በኋላ የሚያሳይ፣ መዝሙር የተደረገበት። በቤተ ክርስቲያኑ ግሩፕ ላይ ተለቀቀ። እናታችን ማክዳ ያደረገችውን ያወቁት ከአፏ ሰምተው ሳይሆን ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው በዚያ ቪዲዮ ነው። እናንተም አይታችኋል። "ዋው፣ ተባረኩ!" "ያርዱ ክሊን ሆነ!" "እማማ ሙሉሸዋ፣ የታደሉ እናት!" ብላችሁ ጽፋችኋል። ሰማንያ አራት ልብ ተደርጎበታል። ከሁሉም በኋላ እናታችን እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ "እግዚአብሔር ይስጣችሁ ልጆቼ። ደክማችኋል።" ማክዳም በዚያ ላይ ልብ አደረገችበት።

ዓርብ ቤት ሲመለሱ በመራመጃቸው ተደግፈው በቀጥታ ወደ አጥሩ ሄዱ። ከዚያ ማክዳን፣ "የመጀመሪያው ረድፍ ቅጠል አውጥቶ ነበር?" ብለው ጠየቋት።

"አላየሁም እማዬ" አለች።

"ዘቢደር አውጥቶ ነበር ብላኛለች።"

ማክዳ አይታ ነበር። ጠርሙሱን ስታነሳ ቀላ ያለች ትንሽ ቅጠል ከአንዱ ላይ፣ ከዚያም ከሌላው ላይ አይታለች። ስትነቅላቸውም ነጭ ሥር ነበራቸው። በዚያው ምሽት እናቷ እግር ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀች። ወይዘሮ ሙሉሸዋም አነሷትና፣ "ይቅር ብዬሻለሁ፤ በቃ፣ ራት ብይ" አሏት።

ማክዳ ከማግስቱ ጀምሮ ስልክ መደወል ያዘች። እናቷ ከታደገ ጽጌረዳ የሰጧቸው ሰዎች ስም በማስታወሻ ደብተራቸው ተጽፎ ነበር፤ አርባ ሦስቱም። አንዱ መኪና ማቆሚያ አስፍቶበታል። የአንዷ ባል በሣር ማጨጃ ሄዶበታል። ሁለት ሰዎች መኪና ውስጥ ረስተውት ደርቋል። ቴምፕል ሰፈር የምትኖር አንዲት እህት፣ "አንቺ፣ እሱ እኮ በፌርስት ዊንተሩ ነው የሞተው፤ ለእማማ ግን እንዳትነግሪያቸው፣ በየዓመቱ አብቧል ነው የምላቸው" አለች። ብዙዎቹ እንዲያውም የትኛው ጽጌረዳ ብለው ጠየቁ። የወይዘሮ ዘቢደርም ከሁለት ክረምት በፊት ሞታ ነበር። እሳቸው ብቻ ሞቷን በዚያው ሳምንት ለእናታችን ነግረው፣ አብረው አዝነው ነበር። ከአርባ ሦስቱ አንድም አልተገኘም። ማክዳ ይህን የምታነበው እናንተን ለመክሰስ አይደለም ብትል ውሸት ይሆንባታል። ጥቂት ለመክሰስም ነው።

የተቆረጠችው ጽጌረዳ በነሐሴ መጨረሻ ከጉቶዋ የጣት ርዝመት አቆጠቆጠች። ማክዳ ከዚያ ስምንት ቆርጣ ተከለች፤ ገና ለጋ ስለነበሩ በአራት ቀን ጠቆሩ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ገዢው ቤቱን ተረከበ። በሳምንቱ የብረት አጥር ተዞረበት። ማክዳ ሄዳ ጉቶዋን እንድትቆፍር ለመነች፤ ሠራተኞቹ የግንባታ ሳይት ነው፣ ሴፍቲ ነው አሏት። በሦስተኛው ቀን ስትመለስ ደረጃውም አልነበረም።

ወይዘሮ ሙሉሸዋ ከዚያ በኋላ በስካይቪው ራንች ከልጃቸው ጋር ሦስት ዓመት ኖሩ። ናሆሚ ሰፋፊ ማሰሮዎችና ሦስት ከረጢት አፈር ገዝታ በጓሮ በር አስቀመጠችላቸው። አመሰገኗት። አፈሩ ሳይከፈት ክረምት መጣበት፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውም መጣበት። አበባቸውን ሊያሳዩ ለጠሯቸው ሰዎች በጉልበታቸው እያሳበቡ ሳይሄዱ ቀሩ። የልጅ ልጆቻቸውን ኖኅንና ወንጌልን ከትምህርት ቤት ይቀበሉ ነበር፤ አንድ እሑድ ከአምልኮ አልቀሩም፤ ማክዳንም በስሟ እየጠሩ ይጸልዩላት እንደነበር ናሆሚ ሰምታለች።

ከማክዳ ጋር አልተጣሉም። ቢጣሉ ይሻል ነበር። ድሮ በአነዳዷ፣ በፀጉሯ፣ ሳታገባ በመቅረቷ፣ በፍሪጇ ባዶነት የማይቆጧት ቀን አልነበረም። ከዚያ ሐምሌ በኋላ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጧትም። ስትመጣ፣ "እንኳን ደህና መጣሽ" ይሏታል፤ የሆነ ነገር ስታቀብላቸው፣ "አመሰግናለሁ ማክዳ፣ ራስሽን አታስቸግሪ" ይሏታል። በገዛ እናቷ ዘንድ እንግዳ ሆነች። ይህን ለሰው ስትናገር ሰዎች እናትሽ እንዴት ያለች ጨዋ ነች ይሏታል።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ልባቸው እየደከመ መሆኑ ታወቀ። በሐኪሞችና በቤተሰብ እንክብካቤ ቆይተው፣ ሕመማቸው ስለጸና በሰኔ 2025 ሆስፒታል ገቡ። ዓርብ ሐምሌ 18 ቀን 2025 ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በሰባ ሁለት ዓመታቸው በጌታ አንቀላፉ። ወይዘሮ ሙሉሸዋ የሁለት ልጆች እናትና የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። ልጆቻቸውን ቅዱስንና ማክዳን፣ ምራታቸውን ናሆሚን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ኖኅንና ወንጌልን፣ በሆለታ ያሉ ሁለት እህቶቻቸውን፣ እንዲሁም እህት የሆኗቸውን ወይዘሮ ዘቢደር ሳልህን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ለጠየቃችሁ፣ ለጸለያችሁና ዛሬ ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል።

አንድ ነገር ቀርቷል። ሊያርፉ አምስት ቀን ሲቀራቸው ማክዳ ብቻዋን አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ከተማው ሁሉ አበባ በአበባ ነበር። ጎንበስ ብላ፣ "እማዬ፣ እውነት ይቅር ብለሽኛል?" አለቻቸው። ዓይናቸውን ገለጡ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የቁጣ ድምፅ ሰማች።

"ያኔውኑ ብዬሻለሁ፤ ስንቴ ልበልሽ? አሁን የምትፈልጊው ሌላ ነገር ነው። እሱ የለኝም ልጄ። ቢኖረኝ እሰጥሽ ነበር።"



ጌታ የባሪያውን የሙሉሸዋን ነፍስ ድካም በሌለበት ያሳርፍ፤ ከባለቤታቸው ከታደገ ጋር በፊቱ ያቁማቸው፤ ለቀረነው ሁሉ መጽናናትን ይስጠን። ከቀብር በኋላ ግን ከእናንተ አንዱ ማክዳን አቅፎ ይቅር ብለውሽ ነው የሄዱት እንዳይላት ትለምናለች። ይቅር ማለታቸውን ታውቃለች።